የአባባ መኪና ጩኸት

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ጠዋት

ዛሬም አስነሷት። ማርሽ ሳያስገቡ፣ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ነዳጅ ይረግጣሉ። ይረግጣሉ። መስኮቴ ይንቀጠቀጣል። የጎረቤት ሕፃን ነቅቶ ያለቅሳል። ደብተሬ፣ አሮጌዋን ፒካፕ ታውቂያታለሽ። እማዬን ሆስፒታል ያመላለሰች፣ በኋላም ሬሳዋን ይዛ የመጣች።

አባባ ገብተው ቁርስ ላይ ሞተሩ ደክሟል አሉኝ። ድምፁ ጠፍቷል አሉ። የእኔ ጆሮ ገና እየጮኸ ነው። ልሂድ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ገና አልከፈትኩም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ማታ

መካኒኩን ይርጋን ለምኜው ከሥራ በኋላ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ፣ አስነሳ፣ አዳመጠ። ለዕድሜዋ ደህና ናት አለ። የሚገድላት ነዳጅ አረጋገጣቸው ነው። እያንዳንዱ ሞተር የሚችለው ዙር አለው አለኝ። የዙር መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ ሲደርስ ይበቃል። ካለፈ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ደርሶ ይመታዋል። ወይ ፒስተኑን የያዘው ብረት ተበጥሶ የሞተሩን ጎን በስቶ ይወጣል። በደ/ታቦር ብርድ፣ ዘይቱ ገና ሳይዳረስ፣ ደግሞ የባሰ ነው።

ለአባባም ይህንኑ ነገራቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ እሺ እሺ አሉ። ይርጋ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረው ልጁ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ።

አሁን ገባኝ። ቄሱ አርጅተዋል፣ ቅዳሴው አይሰማም ያሉት። ሬዲዮው ተበላሽቷል ብለው ለሰው የሰጡት። ኩዌት ሳለሁ ስደውል ኔትወርክ የለም ብለው የሚዘጉብኝ። ለእሳቸው ሌላው ሁሉ ነው የደከመው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። አጠገቤ ተቀምጠው አልሰሙኝም።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሆ/ል ሄድን፣ በብዙ ልመና። ዶ/ሯ ወጣት ናት፣ ታጋሽ። የጆሮ ነርቭ ነው፣ ወደነበረበት አይመለስም አለች። የጆሮ ማዳመጫ ባሕር ዳር ይገኛል፣ ይረዳ ይሆናል። መንዳቱ ግን ይቅር። ይህን ለአባቴ የምነግር እኔ ነኝ። ጆሯቸው ሥር ጮኼ ተናገርኩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። አንገታቸውን ደፉ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ቤት ስንደርስ ቁልፉን ይስጡኝ አልኳቸው። ተቆጡ። አልሰጡኝም።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አላስነሷትም። ግቢው ጸጥ ብሏል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ። ማታ፣ ገሳይ

ጠዋት ከገሳይ ተደወለ። አክስቴ ብርቄ፣ የአባባ ታናሽ እህት፣ ሕመሙ ጠንቶባቸዋል። ለአባባ ስነግራቸው ቁልፉን አንስተው ወጡ። በአውቶብስ እንሂድ አልኩ። ማን ሰምቶኝ። ብቻቸውን ከሚሄዱ ብዬ ጎናቸው ገባሁ።

ዳገቱን ደህና ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ፈጠንን። መኪናዋን ለመያዝ ብለው፣ ፍጥነቱ ሳይበርድ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። መኪናዋ እሪ አለች። እንዲያ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። መርፌው ቀዩን አልፎ መጨረሻው ላይ ተጣበቀ። ትከሻቸውን መታሁ። ዞር ብለው አዩኝ። ፊታቸው የተረጋጋ ነው፣ ምን ሆንሽ የሚል። ከዚያ አንድ ነገር ከእግራችን ሥር ጓ አለ። ጭስ። በፍሬን ይዘው ዳር አቆሟት።

ወርደው ከሥር አዩ። መንገዱ ላይ የፈሰሰውን ዘይት በጣታቸው ነኩ።

«ጮኸች?» አሉኝ።

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው።

«በጣም?»

አዎ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አውቄዋለሁ እኮ፣ ልጄ። ጠዋት ጠዋት የምረግጠው ድምጿ እስኪመጣልኝ ብዬ ነው። አይመጣልኝም። መንቀጥቀጧ ብቻ በእግሬ ይሰማኛል» አሉ።

ነጠላዬን ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ሸፈኑበት።

በሰው መኪና ገሳይ ገባን። አክስቴ ነፍሳቸው አለች። ወንድማቸውን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። በቀጭን ድምፅ ብዙ ያወሩላቸዋል። አባባ ከንፈራቸውን እያዩ እሺ፣ እሺ ይላሉ።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

አክስቴ ሌሊት አረፉ። በማርያም ቀን። አባባ እጃቸውን ይዘው ነበር። ምን አለችኝ ብለው ጠየቁኝ። ወንድሜ ደረስክልኝ ወይ፣ ብለዋል አክስቴ። ለቅሶ በሞላው ቤት መሐል ጮኼ ነገርኳቸው። ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩ። እንደገና ድገሚልኝ አሉ።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ትናንት ይርጋ መኪናዋን ጎትቶ አመጣልን። የሞተሩ ጎን ተበስቷል፣ እጅ ያስገባል። በሁለተኛ ማርሽ ቁልቁለት ላይ፣ እግር ከነዳጅ ቢነሳ እንኳ ጎማው ራሱ ሞተሩን ከአቅሙ በላይ ያዞረዋል አለ። ያገለገለ ሞተር ልፈልግ ወይ ብሎ በእጁ ጠየቃቸው። አባባ እጃቸውን አወዛወዙ። ይቅር።

ዛሬ መኪናዋን ለመለዋወጫ የገዙ ሰዎች ሊወስዷት መጡ። አባባ ጓሮ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ላሟን ያጠጣሉ። ሰንሰለቱ ተንኳኳ። የቆርቆሮው በር ሲጢጥ አለ። መኪናዋ ወጣች። ላሟ እንኳ ቀና ብላ አየች። አባባ ባልዲውን ይዘው ሲዞሩ ቦታው ባዶ ነው። እዚያው ቆሙ። መሄዷን አልሰሙም፣ እኔም ሮጬ አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው አላውቅም።

ደብተሬ፣ ወስኛለሁ። ሰኞ ሱቁን ዘግቼ ባሕር ዳር እወስዳቸዋለሁ፣ ለማዳመጫው። ይረዳ ይሆናል ነው ያለችው፣ ይረዳል አላለችም። አይሆንም ቢሉኝም እለምናለሁ። ገና አልጠየቅኳቸውም።

እየጠሩኝ ነው። ስሜን እየጮሁ ነው የሚጠሩት፣ የማልሰማው እኔ የሆንኩ ይመስል። መጣሁ ብል አይደርሳቸውም፣ ልሂድና ፊት ለፊታቸው ልቁም።