በሱ ስም የወጣ ሲም

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት

ራውተሩ ቀይ ነው። አጠፋሁት፣ አበራሁት። አሁንም ቀይ። ደብተሬ፣ ሰኞ ገበያን በሰኞ ቀን ታውቂዋለሽ። ደጄ ላይ በርበሬ የዘረጋችው ሴትዮ እስክትነሳ ደንበኛ እያስነጠሰ ነው የሚገባው። ቢገባስ? ኔት የለ።

ስልኬ ግን ሥራ አልፈታም። ኮድ ይመጣል፤ ወዲያው ሰው ይደውላል። አንዱ ከሪያድ፣ አንዷ ከኮምቦልቻ። ሩቂ፣ ኮድ መጣልሽ? መጣልኝ። አነብላቸዋለሁ፣ ይገባሉ። ስልክ የቀየረ፣ ፓስወርድ የረሳ ሁሉ የሚደውለው ለኔ ነው።

ይህን የኢንተርኔት ሱቅ ስከፍት አንድ ገጽ እስኪመጣ ሻይ ታዞ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ይመለስ ነበር። ኢሜይል የሚያወጣው ሰው ከገጠር ይመጣል፤ ሞባይል የለውም። ገጹ ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ የማንን ላስገባ? የራሴን። ለስንቱ! ፓስወርድም ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፦ የእናቱ ስምና አንድ ሁለት ሦስት። እናቱን የሚረሳ የለም ብዬ።

ቁጥሩ ግን በስሜ አይደለም። ያኔ ሲም በሰልፍ ነበር፤ ባሌ ተሰልፎ በመታወቂያው አወጣልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ከተፋታን ወዲህ ስሙን መጻፍ አላሰኘኝም፤ ሰ. ይበቃዋል። ሰ. አሁን ኮምቦልቻ የስልክ ሱቅ ከፍቷል። ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ቁጥሬን ለሱቁ ፈለገው። ባለፈው ጁምዓ ሆጤ ሰፈር፣ ሀጅ ይማም ቤት ሽማግሌ ሰበሰበ። በስሙ ነው፣ እስከ መጪው ጁምዓ መልሺለት አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሆዴ ግን እሺ አላለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ይውሰደው! ግን ባዶውን ነው የሚወስደው።

ከጠዋት ጀምሮ እደውላለሁ። አካውንትህን ወደ ራስህ ቁጥር አዙር፣ ኮዱ ላንተ ይምጣ እላለሁ። ግማሹ ይደነግጣል። ጅዳ ያለ አንድ ሰውዬ፦ «ሩቂ፣ ልትሞቺ ነው እንዴ?» ኧረ አልሞትም! ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ደወልኩ።

ከመንገዱ ማዶ አዲሱ የስልክ ኩባንያ ድንኳን ጥሏል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። አንዱ ልጅ የድሮውን ጣይው፣ አዲስ ሲም ልስጥሽ አለኝ። ሲሙን ተቀበልኩት። ራውተሩ ቀይ ሲሆን ለኢንተርኔት ይሆነኛል። የድሮውን ስለ መጣል ግን የነገርኩትን እዚህ አልጽፍም።

መዲናን ብቻ አላገኘኋትም። መዲና የእማማ ሀዋ ልጅ ናት፤ እዚሁ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ኢሜይል አውጥቼላት ነው ወደ ዓረብ አገር የሄደችው። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት የእማማ ሀዋ ሲም ተዘጋ፤ አሁን ሌላ ቁጥር ነው ያላቸው። ልጅቷ አታውቀውም። የልጅቷም ስልክ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። እማማ ሀዋ ገበያ በወጡ ቁጥር በሬ ላይ ቆም ይሉና ድምጿ የለም? ይሉኛል። የለም እላቸዋለሁ። ጀሊሉ ያውቃል ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ማታ

ኮምቦልቻ ዋልኩ። ፋብሪካ በር ላይ ፈረቃ ሲቀያየር ቆሜ ሴቶቹን ያዝኳቸው። ፀጉራቸው ላይ ብናኝ፣ እጃቸው ላይ ዳቦ። ስልክ አምጪ፣ እዚህ ጋ ንኪ፣ የራስሽን ቁጥር ጻፊ፣ ቀጣይ! ጥበቃው ምን እየሸጥሽ ነው አለኝ። ምንም አልሸጥም፣ የሰው ንብረት እየመለስኩ ነው አልኩት። አልገባውም፤ ግን ወንበሩን ሰጠኝ።

ስመለስ በሰ. ሱቅ በኩል አለፍኩ። ቢቀርብኝ ይሻል ነበር። ታፔላ አሠርቷል፣ አረንጓዴ። ምን ተጽፎበታል? ቁጥሬ! እጄ ላይ ያለ፣ ገና ያልሰጠሁት ቁጥር፣ ክንድ በሚያህል ፊደል! ጁምዓን እንኳ አልጠበቀም። ደሜ ፈላ። ገብቼ ልሰድበው ነበር። እግሬን በግድ ወደ መናኸሪያ አዞርኩት። የሐረጎን ዳገት እስክንጨርስ ከንፈሬን ነክሼ ነው የመጣሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አልቋል። ሁሉንም አንድ በአንድ ጠርቼ አጣራሁ። ሁሉም በየቁጥሩ ገብቷል። በኔ ቁጥር የቀረችው መዲና ብቻ ናት። ስልኩ ዝም አለ። ሱቁ ራሱ እንግዳ ሆነብኝ።

10 ሰዓት ተኩል

ኮድ መጣ።

የሚደውል ጠበቅሁ። ማንም አልደወለም። ተሳስቶ ነው አልኩ። እንደገና መጣ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሁሉም ሰው የቀረችው አንዲት ናት። ይህን ኮድ ሌላ ማን ይጠይቃል?

የነቢ ያለህ! መዲና ናት! የሆነ ቦታ፣ በሰው ስልክ ይሆናል፣ በሯን እያንኳኳች ነው። ቁጥሬን ረስታው ይሆናል፤ ገጹ ደግሞ የመጨረሻውን ሁለት አኃዝ ብቻ ነው የሚያሳያት፤ በዚያ መደወል አትችልም። ኮዷ እኔ እጅ ላይ፣ እሷ የት እንዳለች አላውቅ። ሌባስ ቢሆን? ሊሆን ይችላል። ሌባ ነው ብዬ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? አልቀመጥም።

11 ሰዓት ተኩል

የሰው አካውንት በሌለበት አልከፍትም ብዬ ምዬ ነበር። ጀሊሉ ይቅር ይበለኝ፤ ዛሬ ከፈትኩ። ራሴ ኮድ ጠየቅሁ፣ መጣ፣ ገባሁ። ደብዳቤዋን አንዱንም አላነበብኩም፣ ወላሂ። የስልክ ኮድ የሚጠይቀውን ዘጋሁት። ፓስወርዱን ወደ መጀመሪያው መለስኩት፦ ሀዋ፣ አንድ ሁለት ሦስት። ከዚያ አንድ መልእክት ላክሁላት። መዲና፣ ሩቂ ነኝ፣ የእናትሽ አዲስ ቁጥር ይኸውልሽ ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ። ሳይነበብ ደምቆ ተቀመጠ። ወጣሁ።

የመጀመሪያው ፓስወርድ ትዝ ይበላት እንጂ። ቁጥሬም ይቆይላት፤ ካቃታት ኮዱ የሚመጣው እዚሁ ነው። ነገ ሲሙን ከሰጠሁ ግን መዲና የምታንኳኳው የሰ.ን በር ነው። ሰ. የማያውቀው ኮድ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ያጠፋዋል።

ጁምዓ፣ ጥቅምት 7፣ ከሰዓት

ከሆጤ መመለሴ ነው።

ከሶላት በኋላ ተቀመጥን። ሰ. አዲስ ሸሚዝ ለብሶ እጁን ዘረጋ፣ እንደ አበዳሪ። ሀጅ ይማም አምጪ ልጄ አሉኝ። አልሰጥም አልኩ። በሽማግሌ ፊት ቃልሽን አጠፍሽ አሉኝ። አዎ፣ አጠፍኩ አልኳቸው። የመዲናን ነገር ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት። እንጂ መጮህ ነበር ያማረኝ።

ሰ. ተረት ነው አለ። ሰኞ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ አዘጋዋለሁ፣ በስሜ ነው አለ። ዝጋው አልኩት! ግን መጀመሪያ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሂድና ለእማማ ሀዋ ራስህ ንገራቸው፣ የልጅዎን ኮድ የማጠፋው ለታፔላዬ ስል ነው በላቸው።

ሀጅ ይማም መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ቆጠሩ። የሳቸውም ልጅ ባሕር ማዶ ናት፤ ማክሰኞ ከደወልኩላቸው አንዷ። ቆይተው፦ «እንግዲያስ ቁጥሩ ያንቺም አይሁን፣ የሱም አይሁን፤ በሀዋ ስም ይዙር» አሉ። ሰ. አላዞርም ብሎ ተነሳ፤ ጫማውን በግራ በቀኝ አሳስቶ አድርጎ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሰኞ ጠዋት አብረነው እንሄዳለን አሉኝ። አብሽሪ አሉኝ። እኔ ግን በማንም አልተማመንም። ስልኩ ደረቴ ውስጥ ነው፤ የሚፈልገው ይምጣ። ታፔላውን በቀለም ይድፈነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ጠዋት

ከሐሙስ ወዲህ ኮድ አልመጣም። ተስፋ ቆርጣ ይሆን? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ራውተሩ ቀይ። በድንኳኑ ሲም መዲና ኢሜይል ውስጥ ገባሁ። ደብዳቤ እንዳልነካ ለራሴ ነግሬ፣ ዝርዝሩን ብቻ አየሁ።

የላክሁት መልእክት አልደመቀም። ተነቧል።

እኔ አልከፈትኩትም። ወላሂ አልከፈትኩትም! ደብተሬ፣ ሀዋ አንድ ሁለት ሦስት ብላ ገብታለች!

ሱቁን ዘጋሁ። በርበሬ ሻጯ ምነው በጠዋቱ አለችኝ፤ አልመለስኩላትም። ወደ ቧንቧ ውሃ ነኝ፣ ታክሲ ውስጥ ነው የምጽፍልሽ፣ ፊደሌ አያምርም። የእማማ ሀዋ ስልክ መቼም ቻርጅ ኖሮት አያውቅም፣ ቻርጀሬን ይዣለሁ፣ መዲና አሁን ብትደውል ዝግ ነው ይላታል፣ ሾፌሩ ደግሞ ሰው ካልሞላ አልሄድም ይላል፣ የቀረውን ወንበር ሁሉ እኔ እከፍላለሁ አልኩት፣ ንዳ፣ ንዳው