ከእናትህ ኋላ የሚሰማው እርምጃ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርክና ለተወደድክ ልጄ ለጠልሀ አብዱልቃድር
ሜልቦርን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ አስቀድሞ የቤታችሁ ታላቅ ለሆኑት ለአማትህ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ቀጥሎ ለባለቤትህ ለኑሰይባ፣ ከእርሷም በኋላ እንደ ዕድሜያቸው ቅደም ተከተል ለልጆችህ። ሁሉም አጠገብህ ካሉ እስከዚህ ድረስ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላቸው፤ የቀረውን ግን ለብቻህ ያዘው።

ስለ እናትህ በስልክ ደጋግመህ ስትጠይቀኝ "ደኅና ናት" እያልኩ ስመልስልህ ከርሜአለሁ። አሁን በእርግጥ ደኅና ናት። ልጽፍልህ የደፈርኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ ነው። እናትህ ወደ ቤት ከገባች በኋላ በሩን በእጇ ይዛ መቆም አመጣች፤ የዘገየ ሰው እንደምትጠብቅ ሁሉ። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። አንድ ቀን ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከአውቶቡስ ስንወርድ ግን ዞራ እጇን ወደ ደረጃው ዘረጋች። ሾፌሩ ሌላ ወራጅ ያለ መስሎት በሩን ሳይዘጋ ጠበቀ።

"ማንን ነው?" አልኳት።

"ዛኪያን ነዋ" አለችኝ፣ እንደ ዋዛ።

እህትህን በማጅራት ገትር ካጣናት ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። ያኔ የምንኖረው ፓርክ ሂል ሰፈር ነበር፤ አንተ ተማሪ ነበርክ። የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ከኋላ ከኋላዋ ትሄድ እንደነበር ታስታውስ ይሆናል። ከቀበርናት ወዲህ በቤታችን ስሟ እንደማይነሳ ደግሞ በደንብ ታውቃለህ።

"እኔ ስረግጥ ትረግጣለች፤ ትንሽ ዘግየት ብላ" አለችኝ እናትህ።

ብዙም ሳይቆይ ትንገዳገድ ጀመር። ብርጭቆ ለማንሳት እጇን ስትሰድ ታልፈዋለች። ንግግሯ ተጎተተ። ስትወድቅም ሁልጊዜ ወደ ኋላ ነበር። እዚሁ ኦሮራ የአንጎል ሐኪም ወደሆነችው የአገራችን ልጅ ወደ ዶክተር ፀዳል ወሰድኳት።

ዶክተሯ ከደም ጀምራ እስከ ራስ ቅል ፎቶ ድረስ ሁሉን አስመርምራ እንዲህ ስትል አስረዳችን። እግራችን መሬት ሲነካ ስሜቱ በአከርካሪ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ከራስ ቅል በስተኋላ ወዳለው ንዑስ አንጎል ይገባል። ሕዋሶቹ ግን እርስ በርስ አይነካኩም። አንዱ ንጥረ ነገር ይረጫል፤ በሌላው ገላ ላይ ያሉ ተቀባዮች ይዘው መልእክቱን ያሳልፉታል። የእናትህ ሰውነት እነዚያን ተቀባዮች ጠላት መስለውት ይወጋቸዋል። ስለዚህ ከእግሯ የሚላከው መልእክት ተዛብቶ ይደርሳል። ንዑስ አንጎል ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ምን ስሜት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ይገምታል። ግምቱና መልእክቱ ሲገጥሙ የራሳችንን ኮቴ ልብ ሳንለው እናልፋለን። ካልገጠሙ የራስ እርምጃ የሌላ ሰው ሊመስል ይችላል።

"ይህን የመጨረሻውን በእርግጠኝነት አልነግርዎትም፣ ሐጂ" አለችኝ። እርግጠኛ የሆነችበት ሌላ ነበር፦ ሕክምናው ከዘገየ ሕዋሶቹ ይሞታሉ፤ የሞቱት አይመለሱም። መራመድ ይቀራል፤ ቀጥሎ መዋጥ።

እናትህ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "መድኃኒቱን ከወሰድኩ እርምጃዋ ይጠፋል?"

"ሊጠፋ ይችላል።"

"እንግዲያው ይቅርብኝ።"

አባትህ በዳኝነት ወንበር ላይ ያረጀ፣ እዚህም የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኖ የስንቱን ቤት ጠብ ያበረደ ሰው ነው። ሌላ መንገድ አልታየኝም። በገዛ ባለቤቴ ላይ ሽማግሌ ላክሁ። ሼህ ፈሪድና፣ ከአየር ማረፊያው ተሳፋሪ ሲያመላልሱ የኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ውድነህ መጡ። ሼሁ ዱዓ አድርገው ከፈቱ፤ ጋሽ ውድነህም እንደ ልማዳቸው ነገሩን በቀልድ ሊያለዝቡት ሞከሩ።

"ሀጂራ እህቴ፣ የኔዋ ታክሲ እንኳ ሴንሰሯ የተበላሸ ጊዜ፣ ፓርክ ሳደርግ ከኋላዬ ማንም ሳይኖር ሰው አለ እያለች ትጮህብኝ ነበር። አስጠገንኳት፣ ዝም አለች።"

"የእርስዎ መኪና ልጅ አልሞተባትም፣ ጋሽ ውድነህ።"

አንገታቸውን ደፉ። እናትህ ግን አልጨረሰችም። "ሽምግልና ሁለት ወገን ይሰማል ስትሉ ነው የኖራችሁት። ይኸው እኔን ሰማችሁ። ከዚህ ቤት ውጪ ብላችሁ የምታባርሯት እሷ ናት። እሷን ማን ጠየቃት?"

እኛ ሦስት ሽበታሞች ተያየን። የምናውቀውን ብቻ አደረግን፤ ለሳምንት ቀጠሮ ሰጠን።

"ለሞተች ልጅ ቀጠሮ ሰጣችሁ?" አለችኝ ዶክተር ፀዳል በስልክ። እንደዚያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም።

በዚያ ሳምንት ውስጥ እናትህ ማድ ቤት ወደቀች። ሻይዋን በራሷ እጅ ወደ አፏ ማድረስም አቃታት።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። መቅረብ ያልቻለ ወገን ዘመድ ይቆምለታል፤ ደንባችን ነው። አባቷ ነኝና በዛኪያ ፈንታ ተነሣሁ። ሼህ ፈሪድ በሞተ ሰው ስም አይነገርም ብለው ሊከለክሉኝ ይችሉ ነበር፤ በእጃቸው ቀጥል አሉኝ።

"እማዬ" ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። "እማዬ፣ ስትወድቂ ወደ ኋላ ነው የምትወድቂው። ከኋላሽ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

እናትህ ቀስ ብላ ዞረች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ከትከሻዋ በስተኋላ ወዳለው ባዶ ቦታ።

"አመመሽ?" አለች።

ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሳ "ውሰዱኝ" አለች።

በሆስፒታል ደሟን በመሣሪያ አጣሩላት፤ የሰውነቷን መከላከያ የሚያረጋጋ መድኃኒትም ሰጧት። እጇ እየጸና መጣ። ዛሬ ከዘራ ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ንግግሯም ተስተካክሏል። ስለ እርምጃው አልጠየቅኋትም። እሷም አላነሳችውም። አንዳንዴ በኮሪደሩ መካከል ቆም ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ያን ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል አልፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለእናትህ ሳልነግር ዶክተር ፀዳል ዘንድ ሄጄ እኔንም መርምሪኝ አልኳት። ጣቴን ከአፍንጫዬ አስነካችኝ፤ በቀጥታ መስመር ላይ አስኬደችኝ፤ ደም ወሰደች።

"ምን ይሰማዎታል፣ ሐጂ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ፤ በኮሪደሩ ስሄድም ከኋላዬ ኮቴ ይሰማ እንደሆነ አዳመጥኩ። ትናንት ደውላ ፍጹም ጤነኛ መሆኔን ነገረችኝ፤ እንኳን ደስ አለዎትም አለችኝ። እንደሚገባ አመሰገንኳት።

ልጄ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ታግሠህ ስላነበብክልኝ ምስጋናዬ የከበረ ነው። ለእናትህ ስትደውል ስለ ጤናዋ ብቻ ሳይሆን ስለ ዛኪያም ጠይቃት፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። ልጆችህ ከኋላህ ሲከተሉህ አትፍጠንባቸው። አላህ ቤትህን ይጠብቅ፤ በተሾምክበት አዲስ ኃላፊነትም ሥራህ የተቃና፣ ውጤትህ ያማረ እንዲሆን ምኞቴ ነው።

አባትህ
አብዱልቃድር