የመምህር አሥራተ ማርያም ሽኝት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10
እስከ ምሳ ድረስ የተማሪ ውጤት ስመዘግብ አረፈድኩ። ከዚያ ምክትል ዲናችን እንግዳው መጣ። መምህር አሥራተ ማርያም መንፈሳዊ ኮሌጁን ሃያ ሰባት ዓመት መርተው ሊለቁ ነው፤ እሑድ ሽኝት አለ። "ወለተ ሚካኤል፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊ። አንቺው ታነቢዋለሽ።"
እኔ? እሳቸው ያባረሩት የዘመነ እህት? ረስቶት ይሆን?

ረቡዕ፣ ሰኔ 11
ጻፍኩ። ድንጋይ ተሸክመው ክፍል መሥራታቸውን፣ ለዋግ ገጠር ስንት ካህን ማፍራታቸውን... እውነት ነው፣ አልክድም። ከዚያ የወንድሜን የዘመነንም ጻፍኩ። ሊመረቅ ሦስት ወር ሲቀረው ለስብከት ልምምድ እዚሁ ዋግ፣ ዝቋላ ወረዳ፣ ጽጽቃ ላኩት። አሮጊቶቹ አማርኛ አይገባቸውም፤ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ሰበከላቸው። "ሥርዓት አፍርሷል" ብለው አባረሩት። አሁን አምደወርቅ ከተማ ሞባይል ይጠግናል። እናታችን ስትቀበር እንኳ አፍሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነው ያለቀሰው።

ዓርብ፣ ሰኔ 13
ቢሯቸው ገባሁ።
"መምህር፣ ዘመነን ለምን አባረሩት?"
"የትኛው ዘመነ?"
ነገርኳቸው። ግንባራቸውን አሹ። "አላስታውሰውም ልጄ። ስንት ተማሪ አለፈ።"
አላስታውሰውም! እኛ አሥራ አራት ዓመት ስንቃጠል፣ እሳቸው ስሙን እንኳ... ጠልተውት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14
እንግዳው ስለ ዘመነ የጻፍኩትን ሰረዘው። "በሽኝት ቀን እንዲህ ይባላል?"
መቼ ይባላል ታዲያ?

እሑድ፣ ሰኔ 15
አነበብኩት። የተሰረዘውንም። እንግዳው ማይኩን ሊቀማኝ ተነሣ፤ መምህር በእጃቸው መለሱት። "ትጨርስ" አሉ። ጨረስኩ። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17
የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይድረሰኝ!
ከሰዓት መምህር መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።
"እኔም የዝቋላ ልጅ ነኝ። ተማሪ ቤት በአማርኛዬ ሲሳቅብኝ ነው ያደግሁት። ተማሪዎቼ እንዳይሳቅባቸው ብዬ..."
"እና?" አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።
"ስልክ ቁጥሩን ስጪኝ። ይቅርታ ልጠይቀው" አሉ።
"በስልክ አይሆንም። ወደ አምደወርቅ ሚኒባስ አለ።"

ሐሙስ፣ ሰኔ 19
ጠዋት መናኸሪያ አየኋቸው። ብቻቸውን፣ የአምደወርቁ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ።
ንዴቴ አልበረደም። ዘመነ ይቀበላቸው፣ በሩን ይዝጋባቸው... የራሱ ጉዳይ ነው። እየመጡ ነው ብዬ አልደወልኩለትም።