ከቤተ ሙከራ ስላመጣሁልዎ መቀስ

ለክቡር ርዕሰ መምህር አቶ ደጀኔ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ይህ የኅዳር ውርጭ ጉልበትዎን ሳይፈታተነው፣ የድምፅ ማጉያዎም ባትሪ ሳይደክምብዎ፣ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በትእዛዝዎ ሥር የማስተምረው የባዮሎጂ መምህር ዘርአ ዳዊት፣ ከማፈሬ በቀር ደህና ነኝ። የጠዋቱን ሰልፍ ሥነ ሥርዓት ስላወክሁ ምክንያቴን በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳቀርብ በደግነት የላኩልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። መልሴን እነሆ። ነገሩ የሆነው በሰው ሁሉ ፊት ነበርና መልሱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጠፍ ቅር እንደማይልዎ እተማመናለሁ።

አንደኛ፦ የጥፋቱ መነሻ እኔ መሆኔን ልመን። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገባች ሴት ልጅ አለችኝ። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች አንኮበር፣ ቄሱ አባቴ ቤት፣ ከድንጋይ ደረጃ ወድቃ ግንባሯ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ ቀረባት። ሹሩባ ስትሠራ ጠባሳው ይወጣል፤ ስለዚህ አንገቷን ደፍታ መሄድ ለመደች። እኔም ጨዋነት እየመሰለኝ ስኮራባት ኖርኩ።

ጥቅምት ሲገባ «አባዬ፣ የኮሪያ ቁርጥ ልቆረጥ» አለችኝ፤ በስልክም አሳየችኝ። በድራማው ላይ ያሉት ልጆች ፀጉራቸው ግንባራቸውን ሸፍኖ እስከ ቅንድባቸው ይወርዳል። የቄስ ልጅ ነኝና ሰው ምን ይላል እያልኩ ሦስት ሳምንት አጓተትኳት። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ወደ ማኅደረማርያም ፀጉር ቤት ወሰድኳት። ማኅደረማርያም ከደነባ የመጣች፣ መቀስ ስትይዝ ወሬ የምታቆም ሴት ናት። ጭንቅላታቸውን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ በከተቱ ሴቶች መካከል ብቸኛው ወንድ ሆኜ፣ ዓይኔን የት እንደማሳርፈው ጠፍቶኝ ተቀመጥኩ። ፀጉር ሠሪዋ ግን የልጄን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ «ይኼማ ምን አላት፣ የኔ እናት፤ ፀጉሩን እስከ ቅንድብሽ እናወርድለታለን። እስኪ ቀና በይ» አለቻት። ቆረጠችው፤ በፔስትራም ተኩሳ አስተኛችው። ልጄ መስታወቱን ስታይ አልሳቀችም፤ ቀና እንዳለች ብቻ ቆየች። ወደ ቤት ስንመለስ የሰው ዓይን እያየች ሰላምታ ትሰጥ ነበር። አሥር ዓመት በኖረችበት ሰፈር ሰዎቹን ገና መተዋወቋ ይመስል ነበር።

ሁለተኛ፦ ምስጋናዬን ይቀበሉ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ይህችኑ ልጅ ከሰልፉ መካከል ለይተው ከባንዲራው ሥር በማቆም ለሥነ ምግባሯ ስለተጨነቁላት ውለታዎ አለብኝ። «ኮሪያ መኖር አማረሽ?» ብለው በድምፅ ማጉያው ሲጠይቋት ሰልፉ በሙሉ ሳቀልዎ። ቀጥለው «የማን ልጅ ነሽ? ማን ፈቀደልሽ?» አሉ። እርስዎ ዘንድሮ ስለመጡ የእኔ መሆኗን አያውቁም ነበር፤ በዚህ አልወቅስዎትም። የማውቀው እኔ ግን ከመምህራኑ መስመር፣ ከእርስዎ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ልጄ አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝ። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ደረጃ እድገቴ እንደነበር ስነግርዎ፣ ከበታችዎ ምን ዓይነት ታማኝ ሠራተኛ እንዳለዎ በማወቅ ደስ እንደሚልዎ አልጠራጠርም። እሷ ዓይኗን ከእኔ ነቅላ «ማንም አልፈቀደልኝም፤ በራሴ ነው» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መምህር ዘርአ ዳዊት፣ እስኪ ከቤተ ሙከራ መቀስ ያምጡልን» አሉኝ። ከአርባ መምህራን መካከል ለዚህ አገልግሎት ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ። ሄድኩ። ቁልፉ አልከፍት ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። መቀሱ ጠፋ ብዬ ባዶ እጄን መመለስ እንደምችልም አስቤ ነበር። ሆኖም እንቁራሪት የምንቀድበትን መቀስ አመጣሁ፤ እንዳይወጋዎም እጀታውን ወደ እርስዎ አዙሬ አቀበልኩዎት። ቆረጡት። ጠባሳው ብቅ አለ። «አሁን ሰው መሰልሽ» አሏት። ደወል ተደወለና ሁላችንም ወደ ክፍላችን ገባን፤ እኔም ገብቼ አስተማርኩ።

ሦስተኛው ነጥብ እርስዎን ስለማይመለከት ቁጥሩን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ባለቤቴ አስካለ ከፋብሪካ ስትመለስ የልጇን ግንባር አይታ ደነገጠች፤ ልጄም የሆነውን ነገረቻት። አስካለ ወደ እኔ ዞራ «አንተ የት ነበርክ?» አለችኝ። «ክፍል ውስጥ» አልኳት። ልጄ አጠገባችን ደብተሯን ገልጣ ተቀምጣለች። አላጋለጠችኝም። እናቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ብቻ «አባዬ፣ መቀሱ ደነዝ ነበር፤ ይነጫል» አለችኝ።

ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ለአስካለ እውነቱን ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «ታዲያ ለእኔ በሹክሹክታ የምትነግረኝ ለምንድን ነው? ልጅህን የካድካት በሰልፍ ፊት አይደል?» አለችኝ።

በዚህ ሳምንት ሰኞ መዝሙሩ እንዳለቀ፣ ሳይፈቀድልኝ ድምፅ ማጉያውን ያነሳሁት ስለዚህ ነው። «ያስቆረጥኳት እኔ አባቷ ነኝ። መቀሱንም ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሥነ ሥርዓት አወክህ የተባልኩት በዚህ ከሆነ፣ አዎን፣ አውኬያለሁ። ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ የኋላው ረድፍ ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናልና ለእነሱ ይቅርታዬን ያድርሱልኝ።

ይህን ብናገር ልጄ ቀና ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ መሬት መሬት ታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከቤት አብረን እንወጣለን፤ ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ እርምጃዋን ታፈጥናለች። እኔም ልደርስባት አልሞክርም። ማኅደረማርያም የተጎመደውን እንደምንም አስተካክላ «እስከ ጥምቀት ወደ ቦታው ይመለሳል» ብላናለች። ፀጉሩን ማለቷ ነው።

በተረፈ፣ ቅጣቴን ሲወስኑ በዚህ ሰኞ ስለተናገርኩት ሳይሆን ባለፈው ሰኞ ዝም ስላልኩት እንዲያደርጉልኝ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ።

ትእዛዝዎን ያለማመንታት የፈጸመው ባልደረባዎ፣
መምህር ዘርአ ዳዊት ገብረ ጻድቅ

ማስታወሻ፦ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ለመጻፍ ከፈለጉ ለእኔ አይድከሙ፤ ለእሷ ይጻፉላት። ያን ጠዋት በሺህ ተማሪ ፊት ብዙ ነገር ሲጠይቋት ስሟን ሳይጠይቋት ስለቀሩ፣ ፖስታው ላይ የሚጻፈው እንዳይቸግርዎ እነሆ፦ ፀደንያ ዘርአ ዳዊት።