ባዶ ነው ስለተባለው የጎረቤቴ ቤት

ለተከበሩ የመሬት ድልድል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ እንደተቀመጡበት ወንበር የጸና፣ እንቅልፍዎም ከእኔ የተሻለ ይሁንልዎ። እኔ በሰፈራችን ጥግ ወንበርና ጠረጴዛ የምሠራ አናጺ ስሆን፣ ባለፈው ወር ባለሙያዎችዎ ቤቶችን ሲመዘግቡ የነዋሪዎች ታዛቢ አድርገው ስለመረጡኝ ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሰው ማንነቱን የሚያውቅበት ዕድል በየቀኑ አይገኝምና። ካላስቸገርኩ ጥቂት አቤቱታዎች አሉኝ።

፩. ሦስት ጊዜ ተንኳኩቶ መልስ የታጣበትን ቤት «ነዋሪ የሌለበት» ብሎ ለሌላ ሰው የሚደለድለው አሠራራችሁ እጅግ ያስደንቃል። ሃያ ስድስት ዓመት የተኖረበት ቤት ሻይ ለማፍላት እንኳ በማይበቃ ጊዜ ባዶ ሆነ። በመስኮቱ የስፌት መኪናው፣ መርፌው ሥር እንደተወጠረ የቀረው የተማሪ ዩኒፎርምና ወንበሩ ላይ የተጣለው ሹራብ ይታዩ ነበር። ቅጹ ላይ ስለ መስኮት የሚጠይቅ ቦታ ስለሌለ ግን ባለሙያዎ ባያዩ አልፈርድባቸውም።

፪. የቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ፣ የዚያን ቀን ሆስፒታል ታናሽ እህታቸውን ያስታምሙ ነበር። ይህን ማን ያውቅ ነበር ቢሉ፣ እኔ። ሲሄዱ «አደራ፣ ቤቱን እያየህልኝ» ብለው ቁልፉን የሰጡት ለእኔ ነው። በሩ ሦስቴ ሲንኳኳ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ በቀትር ፀሐይ አደራ በላሁ።

፫. ባለሙያዎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይሄ ቦታ ከተለቀቀ ለአንተም ሁለት ሜትር አይጠፋም» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ጣውላዬን ዝናብ እየመታብኝ ስለነበር ሁለት ሜትሩ ዓይኔን ጋረደኝ። አንድ የወንበር እግር ከመቁረጤ በፊት ደጋግሜ የምለካ ሰው፣ የሰው ቤት ባዶ ነው ብዬ ስፈርም እጄ አልዘገየም። አፍሬያለሁ። ይህን የምጽፍበት ቦታ ቅጻችሁ ላይ ስላጣሁ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ እጽፈዋለሁ።

፬. ፊርማዬን ላነሳ ቢሮዎ ሦስት ቀን ተመላልሼ በርዎን አንኳኳሁ፤ መልስ የሰጠኝ የለም። በራሳችሁ ደንብ መሠረት ቢሮዎ ነዋሪ የሌለበት መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ለእትዬ እንዲደለደልላቸው ብጠይቅ ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን?

ቤቱ የፊታችን ሰኞ ለአዲሱ ባለይዞታ ይሰጣል ተብሏል። ከዚያ በፊት ምስክርነቴ ሐሰት መሆኑ ተመዝግቦ ፊርማዬ እንዲሰረዝ፣ የሚያስጠይቀኝም ከሆነ እንድጠየቅ፣ ከወንበርዎ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

የተመደበልኝን ሁለት ሜትር ከነውርደቱ በአክብሮት የምመልስ፣
የጽሕፈት ቤትዎ ታማኝ ታዛቢ፣ የጎረቤቱ ከዳተኛ፣
አናጺው

ማስታወሻ፦ እትዬ ከሆስፒታል ተመልሰው ስፌታቸው ላይ እንደተቀመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልረገሙኝም፣ አልጮሁብኝም። የያዙትን ስፌት ጨርሰው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «ሲያንኳኩ ምን ነክቶህ ነው ዝም ያልከው?» ብቻ አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ አጥቼለታለሁ። ዝም በማለት የካበተ ልምድ ያለው ጽሕፈት ቤትዎ መልሱን የሚያውቀው ከሆነ፣ ማኅተም አድርጎ ለእሳቸው ይላክልኝ።