ልጅሽ ያልሰማው ውሃ

ዘሃራዬ፣ የልጆቼ እናት፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽኝ ሁለት ረመዳን አለፈ። እዚህ ደሴ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጅሽ ሰይድ ብቻ ብሶበታል። ምን ነካው እንዳትዪ፤ ያው የድሮው ነው፣ መቀመጫው ላይ እሾህ አለበት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከፒያሳ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ፒያሳ ሲመላለስ ይውላል። ምን ሠራህ ሲሉት «ስሯሯጥ ዋልኩ» ይላል። ዶሮም እኮ ስትሯሯጥ ትውላለች።

የሆነውን ልንገርሽ። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ በራስጌሽ በኩል ተሰነጠቀ። መጀመሪያ ክር ታህል ነበር፤ በወሩ ጣቴን አስገባሁባት። ሰይድ ከኮምቦልቻ አንድ ግንበኛ አመጣ። ሰውየው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገብቶ፣ ግድግዳውን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «ይፍረስ» አለ። ሐኪም ቢሆን ኖሮ ስንቱን በቀበረ! ሰይድም አፉን ሞልቶ «አባዬ፣ ቅዳሜ ሠራተኞች ይመጣሉ» አለኝ። አራቱንም የወለድሽበትን ክፍል!

እኔ ምን አደረግኩ? ዙሁር ሰገድኩና ቀይሉላ ተኛሁ፣ ያቺን ያንቺን የቀትር እንቅልፍ። ነገር ሲጠናብሽ «ቆይ፣ እሱም ይረፍ፣ እኔም ልረፍ» ብለሽ ጋደም ትዪ ነበር። የጠፋ በሬም ሆነ የተጣላ ጎረቤት፣ ስትነሺ መላው አፍሽ ላይ ነው። እኔ ደግሞ «ሰነፏ ተነሳች» እልሽ ነበር።

ሰይድ ተቆጣ። «ቤቱ እየፈረሰ አንቱ ይተኛሉ?» አለኝ። «ካንተ ሩጫ የኔ እንቅልፍ ይሻላል፤ ቢያንስ አቧራ አያስነሳም» አልኩት።

ሁለት ቀን ተጋደምኩ፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ተራ ነበር። ሁሉም ወጥቶ ቤቱ ጭጭ ብሏል። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ሳዳምጥ፣ ከራስጌዬ ሥር ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። እባብ መስሎኝ ነበር፣ ወላሂ! ግን እባብ በፈረቃ አይመጣም።

ሰይድ እንደገባ ቆፍር አልኩት። እያጉረመረመ ቆፈረ። አምና ለሻወር ብሎ ራሱ የቀበረው ቧንቧ፣ መጋጠሚያውን በጎማ ቁራጭ አስሮት ኖሮ፣ መሠረቱን ሲያጠጣው ከርሟል። ያን ጊዜም ቸኩሎ ነበራ! አንድ ቀን ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይሰማው ነበር። እሱ ግን ቤት ሲገባ ስልኩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ አፉም አብረውት ይገባሉ። ቧንቧው ተቀየረ፤ አፈሩ ሲደርቅ ስንጥቁን በጭቃና በጭድ ደፈንኩት፤ ከዚያ ወዲህ አልሰፋም። የቅዳሜዎቹን ሠራተኞች እኔው ከደጅ መለስኳቸው። ግንበኛው አሁንም ይፈርሳል ይላል አሉ። ይበል።

ልጄን አማህብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ከሱ ይልቅ የምንቀው አንድ ሯጭ አለ። ታመሽ ሳለ «ተው፣ ተቀመጥና እጄን ያዘኝ» ስትዪኝ፣ መድኃኒት ላምጣ ብዬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ሳጣ ደጋን ከተማ ድረስ ሄድኩ። ስመለስ ፊትሽ ተሸፍኖ ነበር። ሰይድ በማን እንደወጣ ያን ቀን ገባኝ።

አሁን በየቀትሩ ቦታሽን ትቼልሽ ከጎኑ እጋደማለሁ፤ አንድም ቀን አልዘልም። መላ ፍለጋ አይደለም፤ ያኔ ያልተቀመጥኩልሽን ልቀመጥልሽ ነው። ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ከዚያ የሚያስነሳኝ የለም።