ሙጫው የኔ ነው

ወንድሜ ማኖይ ክሪስፒን፣

መኪናዋን እንዳትነካት። ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው የቴስታታው ጓርኒሲዮን ጨርሶ ተቃጥሏል። የዘይቱን ክዳን ብትከፍተው ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል። ውሃ ብትጨምርባትም ሞተሩ ውስጥ ነው የሚገባው።

መካኒኩ ሐሙስ መጥቶ ይጎትታታል። ቁልፉ የሩዙ ድስት ክዳን ላይ ነው።

ዶሮዎቹ በልተዋል።

ትናንት በእማዬ የሙት ዘጠነኛ ቀን ጸሎት ላይ አክስቴ ሰው ሁሉ ፊት፣ «እናትህ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ካርካር ዳገት ላይ ሞተሩ ሲፈላ ዓይንህ የት ነበር? የሙቀቱን መርፌ አታይም?» ስትልህ አንገትህን ደፋህ። እኔ ከጀርባህ ሩዝ እያወጣሁ ነበር። ጭልፋውን እንኳ አላስቀመጥኩም።

«ጋራዥ እንውሰዳት» ስልህ «ውሃ እየጨመርክ ንዳት» ያልከኝ አንተ ነህ። እሱን አልረሳሁም።

ግን መርፌዋን ልታያት አትችልም ነበር። የሕፃኑ ኢየሱስ ትንሽ ሐውልት ዳሽቦርዱ ላይ ፊቷ ቆሞ ነበር። እማዬ ያስቀመጠችው መስሎህ ለማንሳት ፈርተህ ይሆናል። እሷ አይደለችም። መርፌዋ ከፍ ባለች ቁጥር እማዬ «አውርደኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» እያለች ስታስቸግረኝ፣ እሷ መርፌዋን እንዳታያት ብዬ በሙጫ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ለአክስቴ ልነግራት ሄጄ ከበሯ ተመለስኩ። ይህን ወረቀት አሳያት።

በጠዋቱ መርከብ ወደ ቦሆል ሄጃለሁ። አትፈልገኝ።

ሐውልቱን ዛሬ ነቀልኩት። እግሮቹ ሙጫው ላይ ቀሩ።

መርፌዋ አሁን ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቴዮ